አማካሪ ወይስ ዘበኛ፤ የተማሪዎች ዲንና የተማሪዎች ማኅበር

የተማሪዎች ዲን የሚባለው ሹመት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካው ሃርቫርድ ኮሌጅ ለባሮን ብሪግስ የተባለውን የእንግሊዝኛ መምህር ዲን አድርጎ የተማሪዎችን ኑሮና ጠባይ እንዲከታተል ሾመው። ወደ እኛ አገር ሲደርስ ግን ሹመቱ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬንም ጭምር ወረሰ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የካቲት 20 ቀን 1943 ዓ.ም. በይፋ ሲመረቅ፥ መሪው ቀደም ሲል የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት ያስተዳደሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ተማሪው በግቢው ያድራል፥ በአንድ ገበታ ይበላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የተማሪዎችን ጉዳይ የያዘ ሹም ከአባት ይቈጠራል፤ አባት ደግሞ ይመክራል እንጂ አይመከርም። የተማሪዎች መማክርት ስለ ምግብ፥ ስለ መኝታና ስለ ስፖርት ብቻ እስከ ተነጋገረ ድረስ ይህ ልማድ ብዙ አልተናጋም።

ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ ግን በንጉሠ ነገሥቱ የነጻ ትምህርት ዕድል ከምሥራቅ አፍሪካና ከሌሎችም የአህጉሩ ክፍሎች ወጣቶች መጡ፤ በየአገራቸው የተቀጣጠለውን የነጻነት ትግል ወሬ ይዘው ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው አደባባይ ወጡ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። ከእንግዲህ በዲኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ጉዳይ የዳቦ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ዲኑ የሚሾመው በአስተዳደሩ ነው፥ ደመወዙም ከዚያው ነው። የማኅበሩ መሪ ግን የሚመረጠው በተማሪው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ አዳራሽ ሲጠይቅ ወይም ጋዜጣ ሲያወጣ፥ ዲኑ የተማሪውን ቃል ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ የበላዩን ትእዛዝ ወደ ታች ማውረድ ይቀለዋል። በ1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ የተደረገው የልብስ ትርኢት ተቃውሞ አስነሥቶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ሲደርስ፥ በሁለቱ መካከል የሚታመን ሰው እንደ ታጣ ይታየኛል።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኰሰ፤ የሞቱም ነበሩ። በዚያች ቀን አንድ ዲን ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ምንም። ሊያደርግ የሚችልበት ጊዜ ከዓመታት በፊት አልፎ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ የተማሪዎች መማክርት አማካሪ ሆኜ በተመደብሁበት ዓመት፥ ስለ ምግብ ቤቱ የቀረበውን አቤቱታ ከነተናጋሪዎቹ ስም ጽፌ ለዲሬክተሩ ሰጠሁ፤ ግዴታዬ መስሎኝ ነበር። ከተናገሩት አንዱ ተጠርቶ ተቈጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮዬ የመጣች የመማክርቱ ጸሐፊ ብቻ ነበረች፤ እርስዋም ሳትቀመጥ፥ «መምህር፥ የምንነግርዎትን ለማን ነው የሚነግሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ቃለ ጉባኤውን ከመላኬ በፊት ለመማክርቱ አነባለሁ፤ ስምም አልጽፍም። ዲሬክተሩ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም።