የፍርድ ተቀናሽ፦ ትእዛዙ የሚደርሰው ለአሠሪው ነው

በኢሊኖይ ግዛት አንድ አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ በየሳምንቱ 82 ዶላር የልጅ ቀለብ እየቀነሰ እንዲልክ በፍርድ ቤት ታዘዘ። ሠራተኛው የገዛ ልጁ ነበር። አባትየው ገንዘቡን በጊዜው ሳይልክ ቀረ፤ ያውም ደጋግሞ። የግዛቱ ሕግ ደግሞ የቀነሰውን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ አውቆ ባልላከ አሠሪ ላይ በቀን 100 ዶላር ይቆጥራል። ቅጣቱ ተደማምሮ 1,172,100 ዶላር ገባ። አሠሪው ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ቢከራከርም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 አጸናበት። በኋላ ሕግ አውጪው ለአንድ ጥፋት የሚጣለው ቅጣት ከ10,000 ዶላር እንዳይበልጥ ገደብ አበጀ።

አሜሪካውያን ይህን አሠራር ጋርኒሽመንት ይሉታል። በአማርኛ «የፍርድ ተቀናሽ» ቢባል ይስማማዋል፤ በፔሮሉ ላይ ከግብርና ከጡረታ ተቀናሽ ጎን የሚሰለፍ ነውና። «የደመወዝ እገዳ» የሚለው ግን ደመወዙ በሙሉ የቆመ ያስመስላል።

ሙሉ ደመወዝ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለተራ ዕዳ የሚቀነሰውን ግዴታ የሆኑ ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ከሚተርፈው ደመወዝ 25 በመቶ ላይ ያቆመዋል፤ በሳምንት ከ217.50 ዶላር የማይበልጥ ከሆነም ምንም አይቆረጥም። ለልጅ ቀለብ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ እስከ 65 በመቶ የሚደርስበት ሁኔታ አለ። ቴክሳስ ደግሞ ለተራ ዕዳ ደመወዝ መያዝን በሕገ መንግሥቷ ዘግታዋለች።

ታዲያ አሠሪው ዝም ቢልስ?

ትእዛዙ የተጻፈው ለባለዕዳው ሳይሆን ለእሱ ነው፤ ዝምታውም በእሱ ላይ ይቆጠራል። ብዙ ሐበሾች አነስተኛ ንግድ በከፈቱባት በጆርጂያ፣ አሠሪው በ45 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤቱ መልስ ካልሰጠ ቀሪውን ዕዳ በሙሉ ራሱ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ሠራተኛው ሥራ ቢለቅም አሠሪው «የለም» ብሎ መመለስ አለበት። የሰው ኃይል ክፍል የሌለው ባለ ሱቅ ፖስታውን «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከከተተ፣ የሌላ ሰው ክሬዲት ካርድ ዕዳ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ይህ ከባድ ነው፤ ሕጉም ቶሎ ለነቃ አሠሪ የማስተካከያ በር ትቷል፣ በሩ ግን ጠባብ ነው።

የፍርድ ባለመብቱ በበኩሉ መጀመሪያ የሚያጣራው ትእዛዙ ለአሠሪው በሕጉ መሠረት መድረሱን ነው። አለመድረሱ ከታወቀ የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። ከደረሰ ግን አሠሪው ቀርቦ ለምን እንዳልፈጸመ እንዲያስረዳ ማመልከት ይችላል። እንደየግዛቱ ሕግ ካልቀነሰው ገንዘብ እስከ ችሎት መድፈር ቅጣት ድረስ ሊጠየቅ ይችላል። ካሊፎርኒያ ባለመብቱ አሠሪውን በቀጥታ እንዲከስ ትፈቅዳለች።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቀነስን ይፈቅዳል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው በድምሩ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፣ ወረቀቱ የሰለቸው አሠሪ ሠራተኛውን አባርሮ መገላገል ቢያምረው፣ ያ መንገድም ተዘግቷል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሰው ለአንድ ዕዳ ደመወዙ ስለተያዘ ብቻ እንዳይባረር ይከለክላል፤ አውቆ የጣሰው እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም ሊቀበል ይችላል።