«የሰይጣን ቤት»፤ ባለቤቱ ስለማይታይ ድምፅና ጥላ የተሰጠ ፍርድ

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን፣ ፊልም ለሕዝብ የሚታይበትን ቤት የአዲስ አበባ ሰው «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ዛሬ ይህ ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለሣቅ ነው። ያልሠለጠነ ሰው በጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ አይቶ ደነገጠ፤ ሰይጣን መሰለው ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስሙን ከቀልድነት አውጥተን፣ ተመልካቾች ስላዩት ነገር እንደ ሰጡት አሳብ አድርገን ልንመረምረው አስበናል። ለዚህም ከአዲስ አበባ አስቀድመን ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አንኮበር መሄድ ይገባናል። ምክንያቱም አዲስ አበባን የቆረቆረው ቤተ መንግሥት ከዚያ የመጣ ስለ ሆነ፣ ድምፅንና መንፈስን የሚመዝንበትም ልማድ አብሮት እንደ መጣ እንገምታለን።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በ1448 ዓ.ም. ገደማ ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ከተማዋ ስሟን እንዳገኘች ይነገራል። ንጉሡ ከአጋንንት አምልኮ ጋር ያደረጉት ትግል ብርቱ ነበር። ሕዝቡ በግንባሩና በእጆቹ ላይ ሰይጣንን መካዱን የሚናገር ጽሕፈት እንዲይዝ አዘዙ፤ ደስክንና ዲኖን አምልከዋል ተብለው ከተከሰሱት መካከልም የገዛ ልጆቻቸው ይገኙበት ነበርና እነርሱም ሳይቀሩ ተቀጡ። በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥትም ካህናት ዳዊት እየደገሙ፣ እየዘመሩና ጸበል እየረጩ የጠንቋዮችን ክፋት ይከላከሉ እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ያመለክታል። እንግዲህ በዚህች ከተማ መዝሙር ለጆሮ ደስታ ብቻ የሚሰማ አልነበረም፤ ክፉ መንፈስ እንዳይገባ የሚታጠር የድምፅ አጥር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህም እምነት መሠረቱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና ሲደረድርለት መንፈሱ ይርቅለት ነበር። ስለዚህ በገና በእኛ ዘንድ የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ይከበራል፤ በዐቢይ ጾምም ዘፈን ሲከለከል በገና አይከለከልም። ነገር ግን ሙዚቃ መንፈስን የሚያርቅ ከሆነ መንፈስን መጥራትም ይችላል። ልጅ በሌሊት ሲያፏጭ «ሰይጣን ትጠራለህ» ተብሎ የሚቈጣው ስለዚህ ነው። ለዛር ከበሮ ሲመታ፣ ሲዘፈንና ሲጨበጨብ ዛሩ በሰውየው ላይ ይወርዳል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ያስጓራዋል።

በዚህ ጊዜ በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች የሚያደርጉትን ልብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። አይሸሹም። «ማን ነህ? ስምህን ተናገር፤ ምን ፈልገህ መጣህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ዛሩም ስሙን ይናገራል፤ ወገኑን ይቈጥራል፤ የሚፈልገውን ያስታውቃል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሚሼል ሌሪስ በ1924 ዓ.ም. በጎንደር የዛር ማኅበር ውስጥ ገብቶ ያየውን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ዛር ተዋናይና ተመልካች ያለበት የቴአትር መልክ እንዳለው አስረድቷል። በሌላ ወገን ዛርን የሚያወግዙት ካህናትም ሕመምተኛውን ጸበል ሲያጠምቁ ያደረበትን መንፈስ «ለፍልፍ!» ብለው ስሙን ያናግሩታል። ሁለቱ ወገኖች በሌላው ሁሉ ቢጣሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም አካሉ የማይታይ ድምፅ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው የባለቤቱ ስም መሆኑ ነው። የጽሑፋችን አሳብ በዚህች ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ አንኮበር ቤተ መንግሥት እንለፍ። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሀሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ብዙ ገጸ በረከት ይዞ መጣ። ከጠመንጃው፣ ከምንጣፉና ከሻሉ ጋር የሚጨፍሩ የቻይና አሻንጉሊቶች ነበሩበት። ነፍስ የሌለው ነገር ሲጨፍር ባዩ ጊዜ በአዳራሹ የተሰማው ሣቅ እንጂ የፍርሃት ጩኸት እንዳልነበረ ሀሪስ ራሱ ጽፏል። አሻንጉሊቱን ማን እንዳመጣውና ለማን እንደ ተሰጠ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ «አባቶቻችን የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ባዩ ቁጥር ሰይጣን ይሉ ነበር» የሚለው ንግግር ከሲኒማው ዘመን ስድሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ በአንኮበር ይፈርሳል።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ አለን። በልጅነታቸው ከአንኮበር ወደ መቅደላ ተወስደው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ አንኮበር የተመለሱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ደረሳቸው። ድምፁ የተቀረጸው በ1890 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከሣጥኑ የሚወጣውን የሴት ድምፅ ቆመው አዳመጡት፤ ለክብሩም መድፍ ተተኰሰ። ቀጥሎም እርሳቸውና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓይነት መሣሪያ የራሳቸውን ድምፅ አስቀርጸው መልስ ላኩ። ከዚህ የበለጠ እንግዳ ነገር ምን ይገኛል? አካሉ ባሕር ማዶ የቀረ ሰው በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ይናገራል። ነገር ግን ድምፁ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ስለ ታወቀ ለንግሥት የሚገባው ክብር ተሰጠው።

ስለ ሸክላም እንዲሁ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የሚንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በዚህም ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነው ይጠራሉ። ሕዝቡ ለዚህ መሣሪያ ያወጣለት ስም በቀላሉ ከሚሰበረው አካሉ የተወሰደ ነው፤ «ሸክላ» አለው። ከውስጡ የሚዘፍነው ሰው አይታይም፤ ሆኖም ስሙ፣ አገሩና ቅኔው የታወቀ ሰው ነው። የሰይጣን ስም በሸክላው ላይ ተጣብቆ አልቀረም።

ታዲያ በሲኒማው ላይ ለምን ተጣብቆ ቀረ? በዚያን ዘመን የነበረውን ፊልም እናስብ። ቤቱ ይጨልማል። የማይታወቁ ሰዎች በነጭ ጨርቅ ላይ ይወጣሉ፤ ይሮጣሉ፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ነገር ግን ድምፅ የላቸውም። «ማን ነህ?» ቢባሉ መልስ አይሰጡም፤ ስማቸውን የሚነግር፣ ወገናቸውን የሚቈጥር የለም። ጥላው በገንዘብ ይታያል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ይጠፋል። በዛሩ ቤት ለሚጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚህኛው ቤት ግን አልተገኘም። ለንግሥቲቱ ድምፅ ቆሞ የሰማ ከተማ ለዚህ ጥላ «የሰይጣን» የሚል ስም የሰጠው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ስሙም የወጣው ለመሣሪያው ወይም ለሥዕሉ ሳይሆን ለቤቱ መሆኑ አሳባችንን ያጠናክርልናል፤ በጨለማ ተቀምጦ ባለቤት የሌለውን ጥላ መመልከት ራሱ ተፈረደበት ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ ስሙ የካህናት ተግሣጽ ነው የሚል ነው። በስልክ መግባት ጊዜም ካህናት «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ንጉሠ ነገሥቱን እንደ ለመኑ በሰፊው ይተረካል። ይህ አሳባችንን አያፈርሰውም፤ ስልክም ቢሆን አካሉ የማይታይ ድምፅ ነውና። ነገር ግን ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ በየቀኑ እየታወቀ ሲሄድ በስልክ ላይ የነበረው ወቀሳ ረገበ። ሁለተኛው፣ የከተማ ሰው ቀልድ ነው የሚል ነው። ይህም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቀልድ የሚያሥቀው ሰሚው የሚያውቀውን ነገር ሲነካ ነው፤ ሰሚው ደግሞ ዛሩንም ጸበሉንም ያውቃል።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ውጭ አገርም እንመልከት። የሉሚየር ወንድማማች ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳየውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳዩ ጊዜ ተመልካቾች ከወንበራቸው ተነሥተው ሸሹ ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ የቅርብ ጊዜ የታሪክ ሊቃውንት ግን ይህን ወሬ ይጠራጠሩታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ተመልካች ሞኝ አድርጎ መተረክ በፓሪስም የነበረ ልማድ ነው።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ኸርክ ሃርቪ የተባለ ሰው ሠላሳ ሦስት ሺሕ ዶላር በሚሆን ትንሽ ገንዘብ «ካርኒቫል ኦቭ ሶልስ» የሚባል የሚያስፈራ ፊልም ሠራ። በፊልሙ ከመኪና አደጋ የተረፈች የምትመስል አንዲት ሴት በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ለመጫወት ትቀጠራለች። ስትለማመድ ግን እጆችዋ እርስዋ ያላሰበችውን እንግዳ ዜማ ይጫወታሉ። ቄሱም ይህን ሰምቶ ዜማው ርኩስ ነው ብሎ ያሰናብታታል። ፊልሙ በመጀመሪያ ብዙ ትኩረት አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደ ገና ከታየ በኋላ ግን ዝናው ወጣ። የተመልካቾቹ አሳብ እስከ ዛሬ የተከፈለ ነው። አንዱ የተዋናዮቹን መድረቅና ድምፁ ከከንፈር ጋር አለመገጣጠሙን ይነቅፋል። ሌላው ደግሞ ፊልሙን ሕልም ያስመሰለው ይኸው ድኽነቱ ነው ይላል። ለእኛ ግን ሁለቱ አሳቦች ወደ አንድ ይመጣሉ። ከከንፈሩ የተለየ ድምፅ ባለቤቱን ያጣ ድምፅ ነው፤ ፍርሃቱም ከዚያ ይመነጫል። የፊልሙ ቄስም ስለ ኦርጋኑ የፈረደው ፍርድ አዲስ አበባ ስለ ሲኒማው ከፈረደችው ጋር አንድ ነው፤ የሚጫወተው ሌላ ነው፤ ማን እንደ ሆነ አልተናገረም።

እንግዲህ «የሰይጣን ቤት» የሚለው ስም በአገራችን ስለ ፊልም ከተሰጡት የተመልካች አሳቦች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ሊቈጠር ይገባዋል እንላለን። የተናገሩት ሰዎች መዝሙርን ከዘፈን፣ ጸበልን ከዛር፣ የታወቀን ድምፅ ካልታወቀ ድምፅ መለየት የለመዱ ነበሩ። ይህን ፍርዳቸውን በድንቍርና ስም ብንጥለው፣ ስለ አዲስ ነገር የሚያስቡበትን መንገድ አብረን እንጥላለን፤ ታሪካቸውንም ሌላ ሰው በሣቅ እንዲጽፍልን እንፈቅዳለን።

ስለዚህ የሥራ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አንኮበርና ወደ ሚንጃር ለዕረፍት ሲሄዱ፣ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩበትን ቀን የሚያስታውሱ አዛውንቶችን እንዲጠይቁ አደራ እንላለን። ጥያቄውም «ፈርታችሁ ነበርን?» የሚል ብቻ አይሁን፤ «የምታዩት ማን መሰላችሁ? ምንስ ስም አወጣችሁለት?» የሚልም ይሁን። መልሱ በቃላቸው እንዳለ ቢጻፍ የአገራችን የፊልም ታሪክ ከመሣሪያውና ከአስመጪው አልፎ የተመልካቹም ታሪክ ይሆናል።