የሐረር የሰው ምስሎችና የፎቶግራፍ እርማት፤ ከመስተዋት ሳህን እስከ ኮምፒዩተር

የተነሣን ፎቶግራፍ ማረም ከኮምፒዩተር ጋራ የመጣ ሥራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የሐረርን የፎቶግራፍ ታሪክ የተመለከተ ሰው ግን፥ ነገሩ ከዚያ አስቀድሞ የቆየ መሆኑን ይረዳል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ታሪክን የሚጎዳው እርማቱ ራሱ ሳይሆን ያልታረመው ምስል መጥፋቱ መሆኑን በሁለት ምሳሌዎች ማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1873 ዓ/ም (በአውሮጳ አቆጣጠር በ1880) ለንግድ ሥራ ሐረር ሲገባ ከተማይቱ በግብጾች እጅ ነበረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የፎቶግራፍ መሣሪያ ከሊዮን አስመጥቶ በ1875 ዓ/ም ማንሣት ጀመረ። በዚያው ዓመት ለቤተ ሰቡ የራሱን ሦስት ምስሎች ላከ፤ አንዱ በቤት ሰገነት ላይ፥ አንዱ በቡና ተክል መካከል ቆሞ፥ አንዱም በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሮ የተነሣው ነው። ምስሎቹ የነጡት ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለ ሆነ መሆኑንም በደብዳቤው አስረድቷል። መሣሪያውን በ1877 ዓ/ም ሸጠው።

እነዚህ ምስሎች የተነሡት በፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው። በሐረር የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ስለሚቆም ዓይንና ጉንጭ በጥላ ይሸፈናሉ፤ በጠዋትና በማታ ግን፥ ወይም ብርሃን ከነጭ ግድግዳ ተመልሶ በሚመጣበት ግቢ ውስጥ፥ ፊት ለስለስ ብሎ ይታያል። ከዚህም ሌላ፥ የዚያ ዘመን ሳህን ሰማያዊውን ብርሃን አጥብቆ ሲቀበል ቀዩን እምብዛም አይቀበልም ነበር። ስለዚህ የጠይም ሰው መልክና ቀይ ልብስ በዓይን ከሚታዩት ይልቅ ጠቁረው ይወጡ ነበር። እንግዲህ ያልታረመ ምስል ሁሉ ፍጹም እውነት ነው ማለት አይቻልም።

ፎቶግራፍ አንሺዎችም ይህን ጉድለት በእጃቸው ያርሙ ነበር። በሳህኑ ላይ ጥቁሩ ነጭ፥ ነጩም ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ፥ የፊት መጨማደድ በሳህኑ ላይ ቀጭን ብሩህ መስመር ነው። አራሚው ያን መስመር በሾለ እርሳስ ሲሞላው በወረቀቱ ላይ መጨማደዱ ይጠፋል፤ ሳህኑን በስለት ሲፍቀው ደግሞ የተፋቀው ቦታ ይጠቁራል። ከሁለት ምስሎች አንድ ምስል አጣብቆ መሥራትም የታወቀ ጥበብ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ጥበብ ጋራ የተያያዘ ነው። ልጅ ኢያሱ በ1908 ዓ/ም በሐረርና በአካባቢዋ ተቀምጠው ከሙስሊም መኳንንት ጋራ ወዳጅነት አጸኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ/ም ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብለው ከሥልጣን ሲወርዱ፥ በጥምጥም የሚያሳዩዋቸው ፎቶግራፎች እንደ ማስረጃ መቅረባቸው ይነገራል። ምስሎቹ በጥበብ የተቀነባበሩ ናቸው የሚሉ አሉ፤ በእውነት እንዲህ ለብሰው ተነሥተዋል የሚሉም አሉ። ጥምጥም መልበስ ብቻውን ሃይማኖት መለወጥን እንደማያስረዳ ግልጽ ነው። የምስሉን እውነተኛነት የሚመረምር ሰው ግን ወረቀቱን ብቻ አይቶ መፍረድ ይቸግረዋል። እርሳሱም ስለቱም ምልክታቸውን የሚተዉት በሳህኑ ላይ ነውና፥ ከወረቀት ላይ እንደገና የተነሣ ቅጂ ምልክቱን ይሰውራል።

ዛሬ ፎቶሾፕን በመሰለ ፕሮግራም የእርሳሱና የስለቱ ሥራ በደቂቃዎች ይፈጸማል። የራምቦን የነጡ ምስሎች ማጥቆር፥ በጥላ የተሸፈነ ዓይን ማብራት፥ ጠባሳ መደምሰስ ቀላል ነው። ነገር ግን ንጣቱ ሲጠፋ፥ በ1875 ዓ/ም በሐረር ፎቶግራፍ ማጠብ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ የሚመሰክረው ምልክት አብሮ ይጠፋል። የፊት ቆዳ ያለ ልክ ሲለሰልስና ሲነጣም ዕድሜና መልክ ይለወጣሉ።

በሐረር በራምቦ ስም በሚጠራው ቤት የከተማይቱ አሮጌ ፎቶግራፎች ለሕዝብ ይታያሉ፤ በየቤተ ሰቡ ግድግዳና ሣጥን ያሉትም ብዙዎች ናቸው። እነዚህን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ሁሉ፥ አስቀድሞ ምስሉን ከነጉድፉ ይቅዳ፤ እርማቱን በሌላ ቅጂ ላይ ያድርግ፤ ምን እንደ ለወጠም ከሥሩ ይጻፍ። እንዲህ ከተደረገ ውበትን የሚፈልግ ውበቱን ያገኛል፤ እውነትን የሚፈልግም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።