«ታራስኮ» እና «ፑሬፔቻ»፦ የአንድ ስም ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ስም በመዝገበ ቃላት ሲሰፍር ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ መመርመር ይገባል። በምዕራብ ሜክሲኮ፣ በሚቾአካን ግዛት፣ በፓትስኳሮ ሐይቅ ዙሪያና ከሐይቁ በስተምዕራብ ባለው ደጋ የሚነገረው ቋንቋ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፓኞች በ1522 ወደ አገሩ ከገቡ በኋላ ሕዝቡን «ታራስኮ» አሉት። በ1540 ገደማ የተጻፈው «የሚቾአካን ዘገባ» እንደሚተርከው፣ ሴቶች ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ሰዎች ወራሪዎቹን «ታራስኩዌ»፣ ማለትም «አማቾች» ይሏቸው ነበር። ወራሪዎቹም ለራሳቸው የተነገረውን ቃል መልሰው ለሕዝቡ ስም አደረጉት።

ማቱሪኖ ጂልቤርቲ የተባሉ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ በ1558 የቋንቋውን ሰዋስው፣ በ1559 ደግሞ መዝገበ ቃላቱን በሜክሲኮ ከተማ አሳተሙ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ከዚያ ዘግይቶ፣ በ1586 ነው። በጂልቤርቲ መዝገበ ቃላት «ፑሬፔቻ» የተፈታው «ተራው ሕዝብ» ተብሎ ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ዳግማዊ ታንጋሹዋን በ1530 ተገደለ፤ የመሳፍንቱም ሥልጣን እየከሰመ ሄደ። ቋንቋውን ጠብቆ ያቆየው ተራው ሕዝብ ሲሆን፣ መጠሪያውም ዛሬ የመላው ሕዝብና የቋንቋው መጠሪያ ሆኗል።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከ140 ሺህ በላይ ተናጋሪዎች ተመዝግበዋል። በ2003 የወጣው ሕግም የአገሩን ነባር ቋንቋዎች ከስፓኝኛ ጋር እኩል ብሔራዊ ቋንቋዎች አድርጎ ተቀብሏል። ሆኖም ሕግ ቋንቋን ከእናት ወደ ልጅ አያስተላልፍም፤ ልጆች በስፓኝኛ ብቻ የሚያድጉባቸው መንደሮች ጥቂት አይደሉም። ጉዳቱንም የሚያከብደው ፑሬፔቻ ዝምድናው የተረጋገጠለት ቋንቋ የሌለው መሆኑ ነው። የአንድ የአማርኛ ቃል ምንጭ ቢሰወርብን በግእዝ ወይም በትግርኛ እንፈልገዋለን፤ ፑሬፔቻ ግን የሚጠየቅ እኅት ቋንቋ የለውም።

በእኛም አገር ሕዝቦች ሌሎች ባወጡላቸው ስም ሲመዘገቡ የኖሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ስለዚህ በአማርኛ መዛግብተ ቃላትና ትርጉሞች ዋናው መጠሪያ «ፑሬፔቻ» ቢሆን፣ «ታራስኮ» ደግሞ የጥንት መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰው መምሪያ እንዲሆን ከነታሪኩ ቢመዘገብ እንላለን። የቀድሞውን ስም ፈጽሞ መሰረዝ ታሪክን መሰወር ነው፤ ያለ ማብራሪያ መድገሙ ደግሞ ስሕተቱን ማጽናት ይሆናል።