ሻይ በሙስሊሙ ዓለም፦ ከኻንፉ ወደብ እስከ ጎለስታን



ከሱብሒ በኋላ ሻይ፣ ከምሳ በኋላ ሻይ፣ ማታ ከጓደኛ ጋር ስንቀመጥ ደግሞ ሌላ ሻይ። የብዙዎቻችን ውሎ ይኸው ነው። ሰሞኑን ደግሞ «ጥቁር ሻይ በየቀኑ መጠጣት ለዚህ በሽታ ፍቱን ነው፣ ለዚያም ይበጃል» የሚሉ መልእክቶች ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞሩ እያየን ነው። ወሬው አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ ከ1,100 ዓመት በላይ ሆኖታል።

«አኽባሩ ሲን ወል-ሂንድ» የሚባል የዐረብኛ መጽሐፍ አለ። በሂጅራ 237 (እ.ኤ.አ. 851) የተጻፈ ሲሆን ብዙዎች በሱለይማን አት-ታጂር ስም ያውቁታል። ከሲራፍ ወደብ ተነስተው፣ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው፣ ዛሬ ጓንግዡ የምንላት ኻንፉ የደረሱ ነጋዴዎች ያዩትን የያዘ ነው። በነገራችን ላይ፣ በዚያች ከተማ የሚኖሩ ሙስሊሞች የራሳቸው ዳኛ እንደነበራቸውና ዒድ ሲደርስ የሚያሰግዳቸውም እሱ እንደነበር የምናነበው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። ስለ ሻይም ያነሳል። ቻይናዎች በፈላ ውኃ የሚጠጡት፣ መዓዛ ያለውና መረር የሚል ቅጠል እንዳለ፣ በየከተማው በውድ እንደሚሸጥ፣ ንጉሡም እንደ ጨው ሁሉ ከእሱ ገቢ እንደሚሰበስብ ይነግረናል። ከዚያም ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው ይላል! ነጋዴ ስለ ሸቀጥ ሲያወራ እንዲህ ቢል አይገርመንም።

ያ ሻይ ግን የእኛ ጥቁር ሻይ አልነበረም። ተክሉ አንድ ነው፤ ቅጠሉ ታሽቶ አየር እያገኘው እስኪጠቁር የሚተውበት አሠራር የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ገደማ በቻይናዋ ፉጂያን ነው። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዘመን አሳምና ሲሎን ላይ በብዛት ሲያለሙት ዋጋው ረከሰ፣ ገበያውም ሰፋ። ቡና ጠጪ የነበረችው ኢራን ወደ ሻይ ዞረች፤ ካሼፍ አስ-ሰልጠነህ የተባለው ዲፕሎማትም ችግኙን ከሕንድ አምጥቶ ላሂጃን ላይ ተከለ። ቱርክ በሪዜ የመጀመሪያውን የሻይ ፋብሪካ የከፈተችው በ1947 ነው። ስሙ ራሱ መንገዱን ይናገራል፦ የቻይናው «ቻ» በፋርስ «ቻይ» ሆነ፤ ዐረቡ «ቸ» ስለሌለው «ሻይ» አለው። እኛ «ቸ» እያለን «ሻይ» ማለታችን ቃሉ በዐረቦች በኩል እንደደረሰን ያሳያል።

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ። በሰሜን ኢራን የምትገኘው ጎለስታን ግዛት የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በዓለም እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ግራ የሚያጋባው፣ ሕዝቡ መጠጥ አይጠጣም፤ ሲጋራ የሚያጨሰውም ጥቂት ነው። ጥቁር ሻይ ግን በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ይጠጣል፤ ያውም ትኩሱን። በ2009 የታተመ ጥናት 300 ታማሚዎችን ከ571 ጤነኞች ጋር አነጻጸረ። ሻያቸውን በ70 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚጠጡት፣ ከ65 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ከሚጠጡት ይልቅ አደጋቸው 8 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የቅጠሉ አይደለም፤ የሙቀቱ ነው። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ማንኛውንም ትኩስ መጠጥ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚላቸው ውስጥ አስገብቶታል።

ጥቅሙስ? አለ። በብሪታንያ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ፣ በ2022 የወጣ ጥናት በቀን 2 ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ የመሞት አደጋቸው ከ9 እስከ 13 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። አብዛኞቹ የሚጠጡት ጥቁር ሻይ ነበር። ይህ ግን ዕድሜ ያስረዘመላቸው ሻዩ ራሱ ነው ብሎ አያረጋግጥም፤ መድኃኒት ይተካልም አይልም። አራትና አምስት ማንኪያ ስኳር እየጨመርን በዚህ ጥናት መጽናናትም አያምርብንም።

ሌላም አለ። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በተለይ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። ደም ማነስ ያለባት እህት በኢፍጣር ምስርና ሻዩን አንድ ላይ ከምትወስድ ሻዩን አንድ ሰዓት ብታቆየው ይሻላታል።

አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) ምግብ ስትሠራ እንፋሎቱ እስኪበርድ ትሸፍነው እንደነበር ተዘግቧል። በጎለስታኑ ጥናትም ሻዩ በተቀዳ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚጠጡት፣ 4 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሚጠብቁት ይልቅ አደጋቸው 5 እጥፍ ገደማ ነበር።