ሥር የሰደደ የወገብ ህመምና የስፖርተኞች ሚዛን አጠባበቅ

ሥር የሰደደ የወገብ ህመም ከታችኛው የጎድን አጥንት እስከ መቀመጫ ባለው የጀርባ ክፍል የሚሰማ፣ ከ3 ወር በላይ የሚቆይ ህመም ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወገብ ህመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ራጅም ሆነ ኤምአርአይ የህመሙን መነሻ ለይቶ አያሳይም። በስፖርተኞች ላይ ግን አንድ ምልክት ደጋግሞ ይታያል፤ እሱም የሚዛን መታወክ ነው።

ሰው ቆሞም ሆነ እየሮጠ እንዳይወድቅ አንጎል ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ እንዲሁም በጡንቻና በመገጣጠሚያ ውስጥ ካሉ የስሜት ነርቮች መረጃ ይቀበላል። ወገብ ሲታመም ይበልጥ የሚታወከው ይህ የመጨረሻው ነው። ታማሚው ወገቡን አድርቆ ይይዝና ሚዛኑን በቁርጭምጭሚቱ ብቻ ለማስተካከል ይሞክራል። በደልዳላ ወለል ላይ ያወጣዋል፤ መሬቱ ሲጎረብጥ ወይም ድካም ሲጨመርበት ግን ጉድለቱ ይገለጣል።

በ1996 (እ.ኤ.አ.) የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፖል ሆጅስና ካሮላይን ሪቻርድሰን፣ ጤናማ ሰው ክንዱን በፍጥነት ሲያነሳ ሆዱን እንደ መቀነት የሚከበው ጥልቅ ጡንቻ ከክንዱ ቀድሞ እንደሚኮማተር፣ ወገባቸውን በሚያማቸው ሰዎች ላይ ግን እንደሚዘገይ አሳዩ። መዘግየቱ ህመሙ ያመጣው ነው ወይስ ከህመሙ ይቀድማል? በዬል ዩኒቨርሲቲ ያሴክ ቾሌዊኪና ባልደረቦቹ 303 የኮሌጅ ስፖርተኞችን መርምረው ለሁለትና ሦስት ዓመት ተከታተሉ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ውጤት፣ ጫና በድንገት ሲለቀቅ የሆድና የጀርባ ጡንቻቸው ዘግይቶ የሚላላ ስፖርተኞች ኋላ ላይ ለወገብ ጉዳት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ይህ ውጤት ለአሰልጣኞች ትልቅ ትርጉም አለው፤ ችግሩ ህመም ከመሰማቱ በፊት ሊታይ ይችላልና።

ለምሳሌ የጎንደርን አካባቢ እንውሰድ፤ ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የሰሜን ጎንደር ሯጭ የሚለማመድበት መሬት ዳገትና ኮረት የበዛበት ነው። እንደ ሊማሊሞ ባለ ቁልቁለት ሲወረድ ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ማገድ ስላለበት በወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበረታል። በ2013 ዓ.ም. የጎንደሩ ክለብ ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ባነሳበት በእግር ኳስም ቢሆን፣ ተጫዋች ኳስ በመታ ቁጥር በአንድ እግሩ ቆሞ ወገቡን ይጠመዝዛል። የገና ጨዋታ ደግሞ ጎንበስ ብሎ መሮጥን ይጠይቃል። በገጠር ያሉ ወጣት ስፖርተኞች ከልምምድ በፊትም ሆነ በኋላ ውሃ ይቀዳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ይሸከማሉ። የሜዳውን ልምምድ ብቻ የሚቆጥር አሰልጣኝ የዚህን ድካም ልክ አያውቅም።

ወገቡን የያዘው ስፖርተኛ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። መታሸት ለጊዜው ያስታግሳል፤ የጡንቻን ቅንጅት መልሶ ለማሠልጠን ግን ብቻውን አይበቃም። በዚህ ረገድ ጎንደር የታደለች ከተማ ናት፤ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ትምህርት የጀመረ ተቋም ነው።

የሚዛን ምርመራ የግድ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ስፖርተኛው ባዶ እግሩን በአንድ እግር ቆሞ ዓይኑን ይጨፍናል። ወይም በአንድ እግሩ እንደቆመ ሌላውን ወደ ፊትና በሰያፍ ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ የደረሰበት ርቀት በሜትር ይለካና ግራና ቀኙ ይነጻጸራል። አንዳንድ ምልክቶች ግን ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካሉ የአከርካሪ ቲቢ መጠርጠር አለበት። ሽንትን መቆጣጠር ማቃትና የመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ አስቸኳይ ሕክምና ይሻሉ። ወጣት ስፖርተኛ ወደ ኋላ ሲለጠጥ የሚብስበት ህመም ከአከርካሪ አጥንት መሰንጠቅ ሊመጣ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ለዚህ ህመም ከሚመክራቸው መካከል ትምህርትና የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ይገኙበታል። ጥልቅ ጡንቻዎች ላይ የሚያነጣጥረው ልምምድ ከሌሎች የእንቅስቃሴ ዓይነቶች ጎልቶ እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ስፖርተኛው ሳያቋርጥ ሊሠራው የሚችለውን መምረጥ ይሻላል። የሚዛን ልምምድ በደልዳላ ወለል ይጀመራል፤ ከዚያ ዓይን ተጨፍኖ፣ ቀጥሎ በሣር ላይ ይሠራል፤ የቁልቁለት ሩጫ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው።