ፓሪስ በተከበበች ጊዜ የታተሙ ሥዕሎች

የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ከሴፕቴምበር 1870 እስከ ጃንዋሪ 1871 ከብቦ በያዘበት ጊዜ (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «ሻሪቫሪ» የተባለው የቀልድ ጋዜጣ ሁለት ዐይነት ሠዓሊ ነበረው። ቻም በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው፣ የከተማው ሰው የአይጥ ሥጋ ለመግዛት ሲሰለፍ እየሣለ የተራበውን አንባቢ ያስቅ ነበር። ኦኖሬ ዶሚየ ግን አላሳቀም። ኋላ የሁለቱ ሥራ በአንድ አልበም መታተሙ ልዩነቱን ይበልጥ አጉልቶታል።

ዶሚየ ያን ጊዜ 62 ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝቡን ሀብት የሚውጥ ሆዳም አድርጎ በመሣሉ በ1832 ታስሯል። ከ1852 ወዲህ ደግሞ የናፖሊዮን 3ኛ መንግሥት ያለ ቅድመ ፈቃድ ሥዕል እንዳይታተም ስለከለከለ፣ የአገሩን ገዢዎች መንካት አልቻለም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሴዳን ላይ ተማርኮ ሪፐብሊክ ሲታወጅ እጁ ተፈታ።

ዶሚየ ሥዕሎቹን ያሳትምበት የነበረው የድንጋይ ኅትመት፣ ሊቶግራፍ፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ይመቻል። ሠዓሊው በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይሥላል፤ ድንጋዩ በውሃ ይርሳል፤ የማተሚያው ቀለም ከውሃው ሸሽቶ ቅባቱን ብቻ ይይዛል። በመካከል የሚገባ ቀራጭ ስለሌለ የሠዓሊው የእጅ ጭረት እንዳለ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

በተከበበች ከተማ ያለ ሠዓሊ ጠላትን ይሰድባል ብለን እንጠብቃለን። ዶሚየም በኦገስት ላይ ሞት ለፕሩሲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ለቢስማርክ የሬሳ መስክ እያሳየ ሲያመሰግነው ሥሎ ነበር። ከሴዳን በኋላ ግን ቁጣው በዋናነት ወደ ውስጥ ዞረ። በሴፕቴምበር 12 ፈረንሳይ በሁለት መድፎች መካከል የታሰረች ሴት ሆና ወጣች፤ በአንደኛው «ፓሪስ 1851»፣ በሌላው «ሴዳን 1870» ተጽፏል። የናፖሊዮን ግዛት በገዛ ሕዝቡ ላይ በተነሣ መፈንቅለ መንግሥት ተጀምሮ በሽንፈት ማለቁን ማሳየቱ ነው። በኦክቶበር ደግሞ የፈራረሰ ከተማና ሬሳ ሣለና፣ ናፖሊዮን በ1852 «ግዛቱ ሰላም ነው» ሲል የገባውን ቃል ከሥሩ ጻፈበት። ከዚህ የከበደ ክስ መጻፍ ይቻል እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ ከሳሹ ምንም አልጨመረምና።

ታዲያ ይህ ሞራል ያነሣል? በእኔ ግምት ያነሣ ነበር፣ ግን በማጽናናት አይደለም። መከራው የአምላክ ቁጣ ሳይሆን የሰው ሥራ መሆኑን ማወቅ ራሱ ወገብ ያጠነክራል። በጃንዋሪ 11፣ የፕሩሲያ መድፍ ከተማይቱን እየደበደበ ሳለ፣ አዲሱን ዓመት በውርሷ ደንግጣ በሬሳ መስክ ፊት ፊቷን የሸፈነች ሴት አድርጎ ሣለው። የተኩስ አቁሙ በተፈረመ በአራተኛው ቀን ብቻ መጽናኛ መሳይ ነገር ሰጠ፦ ግንዱ በመብረቅ የተመታ፣ ሥሩ ግን የያዘ ዛፍ።

በፌብሩዋሪ 9 የወጣው ሥዕል ይህንንም ለስላሳነት ተወው። «አዎን» የሚል የምርጫ ሣጥንና ሙታን ይታዩበታል፤ ርዕሱ «ይህ ያን ገደለ» ይላል። በሜይ 1870 ከ7 ሚሊዮን በላይ ፈረንሳዊ በሕዝበ ውሳኔ ለናፖሊዮን ድምፁን ሰጥቶ ነበር። አሁን ተከሳሹ መራጩ ራሱ ሆነ። ሥዕሉ የወጣው ለአዲሱ ምክር ቤት ምርጫ በተደረገ ማግሥት ነበር፤ አብዛኛውን ወንበር የያዙትም የንጉሥ ደጋፊዎች ሆኑ።